የማይቸኩል ዳንስ

ፖሎኔዝ የሚባለው የፖላንድ ዳንስ ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የምትመጣው አንዷ ናት። የፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ የሾፓን የኤ ፍላት ሜጀሯ (ሜጀርና ማይነር እያልኩ የምጠራው የሙዚቃውን ቁልፍ፣ ዜማው የቆመበትን የድምፅ ስብስብ ነው)፣ «ጀግናዋ» የምትባለው። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳን ዜማዋን ሲሰማ «ውይ፣ ይቺንማ አውቃታለሁ» ይላል። እኔም ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት በእሷ ነው። ዛሬ ግን የምትወዳቸውን ፖሎኔዞች በደረጃ አስቀምጥ ብባል አንደኛ አትወጣም። ሁለተኛም አትወጣም። ሦስተኛ ናት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዳንሱ መጀመር አለብኝ። (ከታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሎኔዝ ዳንስ ይባል እንጂ ዝላይ የለበትም፣ ላብ የለበትም። ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ይራመዳሉ። በየሦስት እርምጃው ጉልበት አንዴ ሸብረክ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። መነሻው የፖላንድ ገበሬዎች ሠርግ ላይ የሚራመዱት ዝግ ያለ ጭፈራ ነበር። ኋላ መኳንንቱ ወሰዱት። ረጅም ካባ ለብሰው፣ ጎራዴ ታጥቀው፣ የግብዣ መክፈቻ አደረጉት። ሰልፉን የሚመራው የቤቱ ጌታ ወይም የክብር እንግዳው ነው። ሌላው እንደየማዕረጉ ይከተላል። እስከ ዛሬም የፖላንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመልቀቂያ ፈተናቸው መቶ ቀን ገደማ ሲቀረው ትልቅ ግብዣ ያደርጋሉ፤ ግብዣው የሚከፈተው በፖሎኔዝ ነው። ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ምቱ ሦስት ነው። ለእኛ ጆሮ ሦስት ባዳ አይደለም፤ ችክችካም የሚከፋፈለው በሦስት ነው። ልዩነቱ ችክችካ ትከሻን ይንጣል፣ ፖሎኔዝ ትከሻን ያቃናል። ጠረጴዛ በጣታችሁ ብትመቱት እንዲህ ይመጣል፦ ታ ተተ ታ ታ ታ ታ። ያቺ በመጀመሪያው ምት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የምትገባው ፈጣን «ተተ» ናት ሙሉውን የምትሸከመው። እሷ ከሌለች ዋልትስ መሰለ። ሌላም ነገር አለ። ሐረጉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሦስተኛው፣ ደካማው ምት ላይ ነው። ሰውየው ደርሶ ቆመ ስትሉ ገና አንድ እግሩ ወደፊት እንዳለ ነው።

እህቴ ሙዚቃውን ቤት ውስጥ ስከፍት «ይሄ ዳንስ ነው ወይስ ወታደር?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ከሚመስለው በላይ ትክክል ነው።

ፖላንድን ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ተከፋፈሏት። ከሦስተኛው በኋላ ካርታ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ እስከ 1918 ድረስ ፖላንድ የሚባል ነጻ አገር የለም። ዳንሱ ግን አለ። ይባስ ብሎ የወሰዷት ሰዎችም ወደውታል። የሩሲያ ጦር የቱርኮችን የኢዝማኢል ምሽግ መያዙን ለማክበር በ1791 የተዘጋጀውና ለዓመታት ይፋ ያልሆነ የሩሲያ መዝሙር ሆኖ የቆየው ዜማ ፖሎኔዝ ነው። ግጥሙ የዴርዣቪን፣ ሙዚቃው ደግሞ የዩዜፍ ኮዝዎቭስኪ፤ ማለትም የፖላንዳዊ። ይሄ ኮዝዎቭስኪ ከዚያ በፊት የአንድ መኳንንት ልጅ አስተማሪ ነበር። ልጁ ሚኻኤል ክሌኦፋስ ኦጊንስኪ ይባላል። አድጎ ዲፕሎማት ሆነ፣ በ1794 ሩሲያን በመቃወም በተነሳው በኮሽቹሽኮ አመፅ ተሳተፈ፣ አመፁ ሲከሽፍ ተሰደደ። «የአገር ስንብት» የምትባለው የኤ ማይነር ፖሎኔዝ የእሱ ናት። አንድ አስተማሪ ለአሸናፊው መዝሙር ጻፈ፣ ተማሪው ለተሸናፊው። ሁለቱም በአንድ ምት።

የኦጊንስኪን እኔም እጫወታታለሁ። ከባድ አይደለችም። ሁለት ሦስት ዓመት ፒያኖ የነካካ ሰው ይደፍራታል። ዜማዋ በቀጥታ ይሄዳል፣ ብልጠት የለባትም። በደረጃዬ አራተኛ ላይ የማስቀምጣት ለዚህ ነው። ሰውየው የሙያ ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ከአገሩ የወጣ ባለሥልጣን ነበር። አማተርነቱ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ እሱን ነው የምወደው።

ቤትሆቨንም አንድ አለው፣ ኦፐስ 89 (ኦፐስ የሥራው መለያ ቁጥር ነው)፣ ሲ ሜጀር። በ1814 የናፖሊዮን ጦርነት ሲያበቃ ነገሥታቱ አውሮፓን እንደገና ለመሸንሸን ቪየና ሲሰበሰቡ ለሩሲያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ ያበረከተው ነው። ጉባኤው ፖላንድንም እንደገና አካፈለ። ሙዚቃው ያብለጨልጫል፣ ግን ቤትሆቨን ልቡን ሌላ ቦታ ትቶ የመጣ ይመስላል። ያን ሰሞን ቪየና ፖሎኔዝ ፋሽን ነበር፣ እቴጌይቱም ደስ አላቸው፣ እሱም ስጦታውን ተቀበለ።

ከዚያ በፊት የነበሩትን ከረሳኋቸው ቅር ይለኛል። የትልቁ የባኽ የበኩር ልጅ ቪልሄልም ፍሪደማን አሥራ ሁለት ፖሎኔዞች ጽፏል፤ እያንዳንዱ በተለያየ ቁልፍ። ጥቂት ሰው ነው የሚያውቃቸው። ለዳንስ አይሆኑም። ብቻውን የሚያወራ ሰው ዓይነት ናቸው፣ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና መሃል ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ጀርመናዊቷ ፒያኒስት ክላራ ቪክ፣ በኋላ ክላራ ሹማን፣ በ1831 ኦፐስ 1 ብላ ያሳተመችው አራት ፖሎኔዞች ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ሾፓን ደግሞ ሰባት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ የታተመ ሥራው የጂ ማይነር ፖሎኔዝ ነው፣ ዋርሶ፣ 1817። አስተማሪው ቮይቼኽ ዚቭኒ በትውልዱ ቼክ ነው፣ ቫዮሊንም ይጫወት ነበር። በሚያዝያ 1821 በአስተማሪው የስም ቅዱስ ቀን የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ስጦታ ይዞ መጣ። ስጦታው አንድ ፖሎኔዝ ነበር፣ ኤ ፍላት ሜጀር። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ «ጀግናዋን» ሲጽፍ ወደዚያው ቁልፍ ይመለሳል።

የቫዮሊን ሰው ፒያኖ ሲያስተምር የእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ካይሮ ላይ ያስተማራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ነው። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ቡድን መርቷል። እማሆይ እኔ እስከማውቀው ፖሎኔዝ አልጻፉም። ግን ሰው እጃቸውን ሲሰማ ሾፓንን የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሾፓን ልመለስ። ከዋርሶ የወጣው ኅዳር 2 ቀን 1830 ነው፣ ሃያ ዓመቱ። በዚያው ወር መጨረሻ በሩሲያ ላይ አመፅ ፈነዳ፤ በመስከረም 1831 ዋርሶ ወደቀች። እሱ ፓሪስ ቀረ። ዳግም አገሩን አላየም።

ከመውጣቱ በፊት የጀመራት ኦፐስ 22 ገና የወጣት ሥራ ናት፣ ኦርኬስትራ ከኋላዋ የሚቆምላት። በኋላ ከፊቷ አንድ ዝግ ያለ ለስላሳ መግቢያ ጨመረላትና በ1835 ፓሪስ ላይ ተጫወታት። ጣት ማሳያ ናት፣ ደስ ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁለቱ የምወደው መግቢያውን ነው።

በኋላ የመጡት ሌላ ዓይነት ናቸው። በ1836 የታተሙት ሁለቱ፣ ኦፐስ 26፣ ዳንስ ማጀብ አቁመዋል። በተለይ ሁለተኛዋ፣ የኢ ፍላት ማይነሯ። አንዳንዶች «የሳይቤሪያዋ» ይሏታል፣ ከአመፁ በኋላ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙትን እያሰቡ። ስሙን ሾፓን አላወጣላትም። ግን አጀማመሯን ስሙት። ታች፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ አንድ ነገር ይንሾካሾካል። ዝም ይላል። እንደገና ይንሾካሾካል። ከዚያ በድንገት ይፈነዳል፣ መልሶም ይታፈናል። አጨራረሷም እንዲሁ ነው፣ በሹክሹክታ። የመኳንንት ሰልፍ ተብሎ የተጀመረ ሙዚቃ እዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሆኗል። አምስተኛዬ ናት።

ኦፐስ 40 ላይ አልቆይም። የኤ ሜጀሯ «ወታደራዊት» የምትባለዋ ናት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ ትሄዳለች፣ ለስላሳ ቦታ የላትም ማለት ይቻላል። ለበዓል ጥሩ ናት። ጓደኛዋ፣ የሲ ማይነሯ፣ በማዮርካ ደሴት ቫልዴሞሳ ገዳም ውስጥ፣ ሾፓን በሳል ሲሰቃይ በከረመበት በ1838/39 ክረምት የተጠናቀቀች ናት። ዜማዋን የምትዘምረው ግራ እጅ ናት፤ ቀኝ እጅ ከላይ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎችን) ብቻ ይደጋግማል። ሩሲያዊው ፒያኒስት አንቶን ሩቢንስታይን የመጀመሪያዋን የፖላንድ ክብር፣ ሁለተኛዋን የፖላንድ ውድቀት ብሎ ነበር ይባላል። አባባሉ ሲደጋገም ቢሰለችም ልክ ነው።

አሁን ወደ አንደኛዬ። ኦፐስ 44፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ 1841። የጻፋት ፈረንሳይ፣ ኖዋን ነው፣ የጸሐፊዋ የጆርጅ ሳንድ የገጠር ቤት። ሾፓን ቪየና ላለው አሳታሚ ሲጽፍ በፖሎኔዝ መልክ የተጻፈች ፋንታሲ (ቅርጿ ነጻ የሆነ ሥራ) ቢጤ ናት፣ ግን ፖሎኔዝ እላታለሁ ብሎታል።

ሁለቱም እጆች አንድ ዓይነት ኖታ ይዘው ከሥር ይነሳሉ፤ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ያብጣል። ከዚያ ሰልፉ ይመጣል። ከባድ ሰልፍ ነው። ዜማው በተመለሰ ቁጥር ግራ እጅ የበለጠ ይቆጣል። መሃል ላይ ስትደርሱ አንድ እንግዳ ነገር ይፈጠራል። ዜማው ይጠፋል። የቀረው ከበሮ ነው፤ ያቺው አጭር ቅርጽ፣ ያችው ኖታ፣ ደግማ፣ ደግማ፣ ደግማ። አንዳንድ የጥንት ሃያሲ ይሄን ቦታ አሰልቺ ብሎታል። መጀመሪያ ስሰማው ሲዲው የተጫረ መስሎኝ ነበር። ግን ሾፓን የሚያደርገውን ያውቃል። ጆሯችሁን ያደክመዋል፣ ከዚያ በር ይከፍትላችኋል።

ከበሩ ወዲያ ያለው ማዙርካ ነው።

ማዙርካም የፖላንድ ዳንስ ነው፣ ምቱም ሦስት ነው፣ ግን የባላገር ነው። የማዞቪያ፣ የዋርሶ ዙሪያ ገበሬዎች ዳንስ። ሾፓን ልጅ እያለ ለዕረፍት ገጠር ሲሄድ የሰማው። ሰልፉ፣ ከበሮው፣ ጎራዴው ሁሉ ይቆምና በኤ ሜጀር፣ በለሆሳስ፣ ሁለት ድምፅ ጎን ለጎን መሄድ ይጀምራል። ማንም ማንንም አይመራም። ማዕረግ የለም። ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከምትጠብቁት በላይ ይቆያል። የምትወዱት ቦታ ሆኖባችሁ የጀመረውን ጦርነት እስክትረሱ።

ከዚያ ሰልፉ ይመለሳል። ማዙርካው ከሩቅ አንዴ ሊነሳ ይሞክራል፣ ይዋጣል። ሙዚቃው እየተነፈሰ፣ እየቀዘቀዘ ይሄድና ሊጠፋ ሲል በሁለት እጅ አንድ ኖታ ይመታል። አለቀ።

ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያት አርበኝነቱ አይደለም። የጌቶቹ ዳንስ ሆድ ውስጥ የባላገሩን ዳንስ አስቀምጧል። አገሩን ካያት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ስለ እሷ ጮክ ብሎ ሲያስብ ባንዲራና ፈረስ ይመጣል፣ ሲደክመው ግን የሚመጣው የመንደር ጭፈራ ነው። የትኛው ነው አገሩ? ሙዚቃው አይመርጥም። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ይሄ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ጀግናዋ፣ ኦፐስ 53፣ በዓመቱ መጣች፣ በ1842። ጥርጣሬ የላትም። ከዚህ የተነሳ ነው ሦስተኛ ያደረግኋት፤ ግን ግፍ እንዳይሆንብኝ ስለ አንድ ነገር ልሟገትላት። ሰዎች ይሮጡባታል። በተለይ መሃሏ ላይ፣ ኢ ሜጀር ላይ፣ ግራ እጅ አራት ወራጅ ኖታዎችን በኦክታቭ (ያንኑ ኖታ ወፍራምና ቀጭን አድርጎ በአንዴ እየመታ) እየደጋገመ የሚጋልብበት ቦታ አለ። ወጣት ፒያኒስቶች እዚያ ሲደርሱ ዓይናቸው ይቀላል። ፒያኒስቱ ቻርልስ ሃሌ በማስታወሻው እንደጻፈው ሾፓን አንድ ጊዜ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይህቺን ፖሎኔዝ ሰው በፍጥነት ሲጫወታት ሰምቼ አዘንኩ ብሎታል፤ ግርማዋ ሁሉ ጠፋ። የሾፓን ተማሪ ጉትማን ደግሞ ሾፓን ራሱ ያንን የኦክታቭ ቦታ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጀምሮ ብዙም ሳያጮኸው ይሄድ እንደነበር ተናግሯል። አስቡት። ዛሬ አዳራሽ የሚያናውጠው ቦታ ከደራሲው እጅ የሚወጣው ከሩቅ እንደሚሰማ ኮቴ ነበር። ሰውየው ደካማ ስለነበር ነው ይባላል። እኔ ግን ቢበረታም የሚጮህ አይመስለኝም። የሚራመድ ሰው አይጮህም።

ከኦክታቮቹ በኋላ ደግሞ ማንም የማያወራላት ቦታ አለች። ጋላቢው አልፎ ሲሄድ ነገሩ ቀኝ እጅ ላይ ይቀራል፤ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ፣ እየተንጠራራ የሚባዝን ዜማ። ከትልቁ ጭብጥ መመለስ በፊት ያለች መንገድ ናት። ጀግናዋን ስሰማ የምጠብቀው እሷን ነው።

ናዚዎች ፖላንድን ከያዙ በኋላ ሾፓንን በአደባባይ መጫወት ከለከሉ። በግንቦት 1940 ዋርሶ ዋዘንኪ ፓርክ ያለውን ሐውልቱን በፈንጂ አፈረሱት። በ1958 እንደገና ቆመ። ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የፒያኖ ሙዚቃ ጦር ያስፈራል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ ለመልሱ እህቴን ጥሩልኝ።

ሁለተኛዬ የመጨረሻዋ ናት፤ ኦፐስ 61፣ ፖሎኔዝ ፋንታሲ፣ 1846። በታኅሣሥ 1845 ለቤተሰቡ ሲጽፍ የቼሎ ሶናታውን፣ ባርካሮሉንና ምን ብዬ እንደምጠራው የማላውቀውን ሌላ ነገር መጨረስ እፈልጋለሁ ብሏል። ያ ሌላ ነገር እሷ ናት። ሁለት ኮርድ ይመታል፣ ከዚያ አንድ ረጅም ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። እንደገና ኮርድ፣ እንደገና ጭስ፣ በሌላ ቁልፍ። ዳንሱ የታለ? ያቺ «ተተ» አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፣ የማውቀውን ሰው ሕዝብ መሃል ያየሁት ሲመስለኝ እንደሚሆነው። መሃል ላይ ሁሉም ነገር ቆሞ በቢ ሜጀር ዝግ ያለ ዝማሬ ይመጣል። የዘመኑ ዝነኛ ፒያኒስት ሊስት መጀመሪያ አልወደዳትም ነበር፤ የበሽተኛ ሥራ አድርጎ ጽፎባታል። ቆይቶ ሐሳቡን ለውጧል። ሾፓን በ1849 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ እስኪሞት ሌላ ፖሎኔዝ አልጻፈም።

እኔም እሷን ለመውደድ ጊዜ ወስዶብኛል። በታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማ አይደለችም። አሥራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ዝም ብሎ መቀመጥ ትፈልጋለች።

ከሾፓን በኋላ ሊስትም ጻፈ፣ ስክሪያቢንም በ1897 አንድ ጻፈ። የስክሪያቢኗ፣ ቢ ፍላት ማይነር፣ መጥፎ አይደለችም፤ ኦፐስ 44ን ብዙ ጊዜ የሰማ ሰው እጅ ግን ይታይባታል።

ቅጂ ለምትጠይቁኝ። ለሙሉው ስብስብ የአርቱር ሩቢንስታይን የ1964ቱን ውሰዱ። ፖላንዳዊ ነው፣ አይቸኩልም፣ ሰልፉ ውስጥ የተወለደ ይመስላል። በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ሲመሠረት የፖላንድ ባንዲራ አለመኖሩን አይቶ ኮንሰርቱን አቁሞ የአገሩን መዝሙር የተጫወተው ይሄው ሰው ነው። ማውሪትዚዮ ፖሊኒ በ1970ዎቹ የቀዳው ደግሞ ብረት ነው፤ ኦፐስ 44 ላይ ያ ከበሮ ቦታ እንደ እሱ የሚያስፈራኝ የለም። ዋርሶ በሚካሄደው የሾፓን ውድድር ለፖሎኔዝ ብቻ የተለየ ሽልማት አለ። በ2015 ሱንግ ጂን ቾ አንደኛ ሲወጣ እሱንም ወስዷል፤ ጀግናዋን የተጫወተበት ቪዲዮ በቀላሉ ይገኛል። ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ በ1968 ለቴሌቪዥን ኦፐስ 44ን ሲጫወት ግን እጁን እዩ። ጣቶቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ማዙርካው ላይ ሲደርስም ፊቱ አይለወጥም። ድምፁ ብቻ ነው የሚለወጠው። ከእሱ በኋላ ወዲያው ሌላ ነገር አትክፈቱ፣ አይገባላችሁም።